አንድ ጭላዳ ለአንድ ልጅ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቤተሰብ የጫነው ሚኒባስ ጫንጮን አልፎ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሲገሰግስ፣ ሙያውን ገና በመልመድ ላይ ያለ ወጣት ረዳት ወደ አንጋፋው አስጎብኚ ጠጋ አለ። ወላጆቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ ሲሰለቻቸው ምን ዘዴ አለዎት?» ሲል ጠየቀ።

አንጋፋው ሲጠየቅ የኖረው ነገር ነውና መልሱ አልዘገየም። «ብዙ አታሳያቸው። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ እንስሳ ስጠው፤ ግማሽ ሰዓት።»

የሰውዬው ሙያ ሁሉ የሚያርፈው በዚህች ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቦችን ከአዲስ አበባ አውጥቶ የዱር እንስሳት ሲያሳይ ፀጉሩ ሸብቷል። ልደት፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ የጋብቻ ዓመት፣ የጡረታ ስንብት፣ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ፦ ሽርሽሩን የጠራው ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ አሠራሩ አይለወጥም። ቤተሰቡ ከጭላዳው መንጋ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል። ገደሉ ቅርብ ከሆነ አዋቂዎቹ ከልጆቹ ፊት ይደረደራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጭላዳ ይመርጣል፤ ጆሮዋ የተቀደደውን፣ ስትራመድ የምታነክሰውን፣ ደረቱ ከሌሎቹ ይበልጥ የቀላውን። ስም ማውጣት ይፈቀዳል። ሐሳብ መቀየር ግን አይፈቀድም፤ የመረጥሽው ጭላዳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሣር ብቻ ቢነጭ፣ አንቺም ሣር ሲነጭ ታያለሽ።

ባይኖኩላር የሚወጣው በመጨረሻ ነው። በዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር አይስማማም። ልጅ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ከደቀነ የእንስሳውን ፊት ያያል እንጂ እንስሳው ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ማን ሲመጣ ቦታ እንደለቀቀ አያይም ባይ ነው። ስለ ጭላዳ ማወቅ የሚገባው ነገር ደግሞ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው ይላል፤ ማን ከማን ጋር።

የሚስቁበት አልጠፉም። በተለይ አንድ የድሮ ባልንጀራው፣ ከሙያው ሰዎች መካከል «የዝርዝሩ ሰው» የሚባለው፣ ነገሩን ስንፍና ይለዋል። የእሱ ሽርሽር ሌሊት ይነሳል። ጠዋት ቢሾፍቱ፣ ረፋዱ ላይ ዝዋይ፣ ከሰዓት በኋላ አቢጃታና ሻላ። እያንዳንዱ ልጅ እርሳስና የወፎች ዝርዝር ይይዛል፤ ያየውን ምልክት ያደርጋል። ክርክሩም ተራ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ይሰፍራሉ። ይህን ሁሉ ሀብት ትቶ አንዲት ሣር ነጪ ላይ አፍጦ መዋል ምን ይሉታል? ልጅ አገሩ ምን ያህል ሀብታም እንደሆነች የሚገባው ሲቆጥር ነው፤ የዝርዝሩ ሰው እንዲህ ይላል።

አንጋፋው የሚመልስለት በአንድ ታሪክ ነው። ዝዋይ ዳር አብረው በሠሩበት ቀን፣ ዓሣ በሊታው ንስር ከግራር ላይ ተነሥቶ ውኃውን በጥፍሩ ሲሰነጥቅ አንድ ልጅ አቀርቅሮ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ይፈልግ ነበር። ሲያገኘው ምልክት አደረገ፤ ደስም አለው። ንስሩ ዓሣ ይዞ ይሁን ባዶውን ይመለስ ግን አላየም። የዝርዝሩ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ፣ ልጁ ዛሬም ወፍ እንደሚወድ ያስታውሰዋል። እውነት ነው፤ ይወዳል።

ክርክሩ ወደ ሳይንስ ሲሄድ አንጋፋው የሚመዝዘው ስም አለው። በኬንያ አምቦሴሊ ዝንጀሮ ስታጠና የቆየችው አሜሪካዊት ጂን አልትማን በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ እንስሳት ጠባይ አመዘጋገብ አንድ ጽሑፍ አሳተመች። ተመልካች ዓይኑን የሳበውን ብቻ ከጻፈ ጠቡና ጩኸቱ ይበዛበታል፤ ጸጥ ያለው የቀኑ ክፍል ያመልጠዋል። ስለዚህ አንድ እንስሳ መርጦ፣ ጊዜ ወስኖ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያደረገውን ሁሉ መመዝገብ ይሻላል። ዘዴው ዛሬ የእንስሳትን ጠባይ የሚያጠና ሁሉ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። አንጋፋው፣ «ለፕሮፌሰር የበጀ ለሰባት ዓመት ልጅ ለምን አይበጅም?» ይላል። የዝርዝሩ ሰው ደግሞ ፕሮፌሰር ደመወዝ እንደሚከፈለው፣ ልጅ ግን እንደማይከፈለው ይመልስለታል።

ጭላዳ ለዚህ ዘዴ የተፈጠረ ይመስላል። በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አሳልፎ፣ ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ስለዚህ ልጆችን በሌሊት መቀስቀስ አያስፈልግም። የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በቂጡ ተቀምጦ፣ ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ፣ ሳይነሣ ፈቀቅ እያለ ይውላል። የሚሮጥ እንስሳ ልጅን ያስጮኻል፤ ተቀምጦ የሚበላ እንስሳ ግን ልጁንም ያስቀምጠዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም ያለ አይመስልም። ከዚያ አንዷ ልጅ፣ «የኔዋ ሁልጊዜ ከዚያችኛዋ ጋር ነው የምትቃመለው» ትላለች። ትክክል ናት። አንድ ወንድና ጥቂት ሴቶች አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ሴቶቹ ብዙ ጊዜ እናትና ልጅ፣ እህትማማች ናቸው፤ ከተወለዱበት ቤተሰብም እምብዛም አይወጡም። ሌላው ልጅ የመረጠው ጎፈሬያም ወንድ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱን ያሳያል፤ ልጁ በሳቅ ይወድቃል። ሳቁ ሲያበቃ ማንን እያስፈራራ እንደነበር መፈለግ ይጀምራል። ከእናቱ ሆድ ሥር የተለጠፈው ጠቆር ያለ ግልገል በቅርቡ የተወለደ ነው። ያ ሁሉ ጉርምርምታም ተራ ጫጫታ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጭላዳዎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያሰሙት አንዱ ድምፅ ከሰው ንግግር ጋር የሚቀራረብ ምት እንዳለው አሳይቷል። ልጆች ይህን ሲሰሙ አይደነቁም፤ ሲያወሩ እንደነበር እነሱ ያውቃሉ።

አንድ ጊዜ የመጣ ቤተሰብ የአባትን ጡረታ ሊያከብር ነበር። ትንሹ የልጅ ልጅ የመረጠው ጭላዳ ጎፈሬው የሳሳ፣ ደረቱ የደበዘዘ ወንድ ሆነ። አዲስ ወንድ መጥቶ የቤተሰብ አባትነቱን ሲነጥቅ የቀድሞው ሁልጊዜ አይባረርም፤ እዚያው ከሴቶቹና ከግልገሎቹ ጋር በጭፍራነት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮች ላይ የሠራው ሮቢን ደንባር ጽፎታል። አንጋፋው ይህን ሲያስረዳ ሴት ልጃቸው ደንግጣ አባቷን አየች። አባት ግን እያሳቃቸው፣ «ደመወዙስ ይቀጥላል?» ብለው ጠየቁ።

ድግሱ ራሱ ሌላ ጠብ ያለበት ነው። አንጋፋው ፊኛ አያስነፋም፤ ድምፅ ማጉያ አያስከፍትም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መንጋው እያየ ምግብ አያስወጣም። ሙዝ ወይም ዳቦ የለመደ ጭላዳ ሣሩን ትቶ እጅ እጅ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቹ የሚያዩት የጭላዳን ኑሮ ሳይሆን ልመናን ነው፤ ቆይቶም ቅሚያን። ዳቦ እየወረወሩ ፎቶ የሚያስነሡ አስጎብኚዎች አሉ፤ ደንበኛም አያጡም። በእሱ ሽርሽር ድፎው የሚቆረሰው መንጋው ከራቀ በኋላ ወይም ሰፈር ሲደርሱ ነው። ሜዳው ላይ የሚፈቀደው ምርቃት ብቻ ነው። የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ተነሥቶ ተመራቂዋን ወይም ሙሽሮቹን ይመርቃል፤ ሌላው «አሜን» ይላል፤ ጭላዳዎቹም ቀና ብለው አይተው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ።

አብረው ከመጡ አያቶች የበለጠ ያስተማረው የለም። የልጅ ልጃቸው ሐኪም ሆና ስትመረቅ አብረው የወጡ አንዲት የሰላሌ እናት ጭላዳ ምረጡ ሲባሉ ተቆጡ። «ይሄን ሌባ? ገብሳችንን ሲጨርስ የኖረ!» አሉ። ከዚያ ማማ ላይ ተሰቅለው ወንጭፍ እያጮኹ ስለጠበቁበት ልጅነታቸው ተረኩ። መንጋው ከየትኛው ገደል እንደሚወጣ፣ ማን ቀድሞ እርሻ እንደሚገባ፣ የትኛዋ እናት ልጇን ትታ እንደማትሸሽ ይለዩ ነበር። ተመራቂዋ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ግማሽ ሰዓቱ እንዳለቀ እንኳ ያስታወሰ አልነበረም።

የዝርዝሩ ሰው ዘዴው ከጭላዳ ውጭ እንደማይሠራ ይናገራል። አንጋፋው መናገሻ ሱባ ጫካን ይጠቅሳል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለትን። እዚያ ከጽዱና ከዝግባው ላይ እምብዛም የማይወርደውን ጉሬዛ በጀርባ ተንጋሎ መከታተል ነው። አዲስ የተወለደው የጉሬዛ ግልገል ነጭ ስለሆነ ማንም ልጅ ሳይነገረው ይመርጠዋል፤ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እቅፍ ሲተላለፍም ማን እናቱ እንደሆነች ይጨቃጨቃሉ።

መንገድ ሲፈቅድ ደግሞ መንዝ አለ። የጓሳን ሣር የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሕግ፣ አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ከልክሎ፣ ለዘመናት ጠብቆታል። እዚያ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ረጋ ብሎ ሲራመድ ይታያል። ግልገል እምብዛም አይነካም፤ አይጥ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ከጭላዳ ጋር ሆኖ ካደረገው የአይጥ አደን 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የተሳካው 25 በመቶው ብቻ ነው። አንጋፋው ይህን ቁጥር ሲያነሣ ደረቱን ይነፋል። በመላው ዓለም ከ500 የማይበልጠውን ቀበሮ አይቶ ምልክት አድርጎ የሄደ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልማ።

እልኩ ከየት እንደመጣ ለደንበኞቹ አይነግራቸውም። እሱም የማማ ልጅ ነው። እንደ ሰላሌዋ እናት ወንጭፍ ይዞ፣ በማለዳ ብርድ ታናሽ ወንድሙን አቅፎ የአባቱን ገብስ ጠብቋል። ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ጭላዳዎቹን አንድ በአንድ ለየ። ከተማ ገብቶ በመጽሐፍ ያገኘው ሁሉ በአብዛኛው ያንን ያረጋገጠለት ነው። ወንድሙ ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ይኖራል። ስልክ ሲደዋወሉ ስለ ኑሮ ካወሩ በኋላ የሚያነሡት፣ አባታቸው ያቃታቸውን አንድ ባለ ጎፈሬ ሌባ ነው። ወንድሙ በመጣ ጊዜ ልጆቹን ይዞ ወደዚያው ገደል ሄዷል፤ አማርኛቸው ያልጠነከረ ልጆች ጭላዳ መርጠው፣ ቀኑን ሙሉ በሁለት ቋንቋ ተከራክረውበታል።

አሁን ተራው የራሱ ልጅ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳለች፤ ውጤት ሲመጣ የት መሄድ እንደምትፈልግ ስትጠየቅ ደብረ ሊባኖስን መርጣለች። ግን ቅድመ ሁኔታ አላት። የዝርዝሩ ሰውም ይጋበዛል፤ እርሳሱን ግን ቤቱ ትቶ ይመጣል። ለእያንዳንዱ አዋቂ ጭላዳ የምትመድበው እሷ ናት። አባቷ ጎፈሬያሙን ወንድ ከአሁኑ ጠይቋል፤ እሷ ደግሞ ለእሱ ያሰበችው አንዲት አሮጊት ሴት እንደሆነች ነግራዋለች። እሱ ገና አልተስማማም።