ለደሴ ሁለት ኪሎ፣ ለኮምቦልቻ አንድ

«እትዬ፣ ፋይበር እንዲህ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ አንቱ ጥጥ ላይ ለምን ድርቅ ይላሉ?» አለችኝ፣ ብርድ ልብስ መሥራት ልትማር ከእኔ ዘንድ የመጣች ልጅ። ስፌት የማታውቅ አይደለችም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ በኋላ እዚያ ገብታ ዓመታት የሰፋች፣ መኪና ላይ ስትቀመጥ እጇ የሚፈጥን ልጅ ናት። በፋብሪካ ሥራ ግን ሙሌት ጥቅል ሆኖ፣ ውፍረቱ ተለክቶ ይመጣል፤ ሰፊዋ ስለ ውስጡ አትጠየቅም። በእጅ የሚሠራ ብርድ ልብስ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ገዢው ዓይኑን የሚጥለው ከላይኛው ጨርቅ ላይ ነው፤ የሚያድረው ግን ከሙሌቱ ጋር ነው። ያን ዕለት ባጭሩ መለስኩላት። ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው፤ ከሙያ ጓደኞቼም ጋር የቆየ ክርክር አለብንና።

ፋይበርን፣ ማለትም የፖሊስተር ሙሌቱን፣ አላጣጥልም። ይታጠባል፤ ዝናብ በማያባራበት በደሴ ክረምት እንኳ ቶሎ ይደርቃል። ተጣብቆ በንጣፍ መልክ ስለሚመጣ ስንዝር እየተራራቁ ቢሰፉትም ቦታውን አይለቅም። ለተማሪ ማደሪያ፣ ለሕሙማን አልጋ፣ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ለሚያረጥብበት ቤት እኔው ራሴ ፋይበር ውሰዱ እላለሁ። የማልስማማው ደሴ ላይ ሙሉ ሌሊት ለሚያድር ጤነኛ ሰው ፋይበር ከጥጥ ይሻላል ሲባል ነው።

ሰው ተኝቶ እያለ፣ ብርድም ቢሆን፣ ከገላው እርጥበት ይወጣል። ያ እርጥበት የሚገባበት ይፈልጋል። በተራ የክፍል አየር ውስጥ 100 ግራም ደረቅ ጥጥ 8 ግራም ገደማ እርጥበት ይይዛል፤ የበግ ጸጉር 16 ገደማ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ፋይበር የለበሰ ሰው ማታ ቶሎ ይሞቀዋል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያልበዋል፣ ሊነጋጋ ሲል የጦሳ ተራራ ብርድ ወደ ከተማው ሲወርድ ደግሞ በራሱ ላብ ይንቀጠቀጣል። «ማታ ያቃጥለኛል፣ ንጋት ላይ ይበርደኛል» ብለው ብርድ ልብስ ሊያስቀይሩ የሚመጡ ደንበኞቼ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። እሳትም አለ። የደሴ ቤት ከሰል አይለየውም። ፍንጣሪ ጥጥ ላይ ሲያርፍ ተዳፍኖ ይጤሳል፣ ሽታውም ቀድሞ ያነቃል፤ ፖሊስተር ግን ሙቀቱ 250 ዲግሪን ሲያልፍ ቀልጦ ከገላ ጋር ይጣበቃል። እግረ መንገዴን ልናገር፦ የተቀጣጠለ ከሰል መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ብርዱ የሚመከተው በብርድ ልብስ ነው።

«እሺ፣ ጥጥ ይሁን» አለችና ልጅቱ ገበያ ወጣች። ይዛ የተመለሰችው ከሁሉ ነጩን፣ ከሁሉ ለስላሳውን ነበር። ሰው የሚሰለቸኝ ከዚህ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ጥጥ ይሁን በማለት ብቻ አላቆምም።

ለነጠላ የሚመረጥ ጥጥ ለብርድ ልብስ አይመረጥም። ፈታይ ረጅምና ቀጭን ቃጫ ትፈልጋለች፤ እንዝርቷ ላይ ክሩ እንዳይበጠስባት። ያው ረጅም ቃጫ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ ግን ይተኛል። ሰው በተጫነው ቁጥር እየተጠጋጋ በአንድ ክረምት ሰሌን ይሆናል። እኔ የምፈልገው ቃጫው መካከለኛ፣ ሻከር ያለ፣ ሲጨብጡት እጅን መልሶ የሚገፋ ጥጥ ነው። ሕንዶች ራዛይ ለሚሉት የጥጥ ብርድ ልብሳቸው አጭርና ሻካራ የሆነውን የአገራቸውን ጥጥ የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ለልጅቱ ያሳየኋት መፈተኛ ቀላል ነው፦ አንድ እፍኝ ጥጥ አጥብቀሽ ጨብጪ፣ ትንሽ ቆይተሽ መዳፍሽን ክፈቺ። ተነሥቶ መዳፍሽን ከሞላ ለብርድ ልብስ ይሆናል። እንደተጨበጠ ከቀረ ለጧፍ ይሁን።

ነጭነቱም አያታልል። ጥጥ ከተፈጥሮው ስስ ሰም አለው። ቃጫዎቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ እንዲነሡ የሚያደርገው፣ እርጥበቱንም ቀስ ብሎ እንዲቀበል የሚያደርገው ያ ሰም ነው። በፋርማሲ የሚሸጠው ጥጥ ተቀቅሎና ነጥቶ ሰሙ ስለወጣለት ውሃ ወዲያው ይመጥጣል፤ ለቁስል የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገባ ግን ላብ ጠጥቶ ይጓጉላል። ስለዚህ ወደ ቅቤ መልክ የሚያደላውን፣ ያልነጣውን ውሰዱ። ፍሬውንም ተመልከቱ። የጥጥ ፍሬ ከክብደቱ አምስት እጅ አንዱን የሚያህል ዘይት ስላለው ስብርባሪው ውስጥ ከቀረ ቅባቱ ወደ ጨርቁ እየወጣ ቢጫ ነጠብጣብ ይጥላል፣ አይጥም ይጠራል። ከፈትል ፋብሪካ የሚወጣ ውዳቂ ጥጥ ርካሽ ነው፤ በጣት ሲያሹት የሚበን ከሆነ ግን ቃጫው አልቆ አቧራ ሆኗል። ያንን የተሞላ ብርድ ልብስ ባራገፉት ቁጥር ያስነጥሳል፣ ቀስ በቀስም ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰባል።

የበግ ጸጉርስ የሚለኝ አይጠፋም። ከላይ ከደጋው፣ ከደላንታ ወገን የሚመጣ ሰው ባና ለብሶ ያደገ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ባና ተሸምኖ፣ በእግር ተረግጦ ሲጠብቅ እኩያ የለውም። የደጋ በጋችን ጸጉር ግን ሻካራና ቀጥ ያለ ነው፤ ሳይሸመን ለሙሌት ሲገባ ጨርቁን እየወጋ ይወጣል፣ ብልም ይወደዋል። ለሽመና ይቆይ።

ከጥጥ ቀጥሎ ጥጡ የሚነደፍበት ደጋን ይመጣል። የተመረጠ ጥጥ ሳይነደፍ ቢገባ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። በቻይናና በሕንድ የጥጥ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ በደጋን ሲነድፉ ኖረዋል፤ የጅማቱ ንዝረት ቃጫውን ሳይቆርጥ እየፈታ በመካከሉ አየር ያስገባል። ሙቀቱን የሚይዘውም ይኸው አየር ነው። አንድ ጎረቤቴ የሆነ ፍራሽ ሠሪ በዚህ ነገር አይሰማኝም። እሱ ብርድ ልብስ የሚመዝነው በሚዛን ነው፤ «ከባድ ካልሆነ ማን ይገዛዋል?» ይላል። ቅዳጅ ጨርቅ ከጥጥ ጋር ቀላቅሎ ይሞላል፣ ገዢውም ሲያነሣው ይከብደውና የሞቀው ይመስለዋል። ጋቢን ተመልከት እለዋለሁ። ጋቢ አራት እጥፍ ስስ ሸማ ነው፤ ምንም አልተሞላበትም። በእጥፎቹ መካከል ያለው አየር ነው የሚያሞቀው። ሸማኔዎቻችን ከኛ በፊት የተረዱት ነገር ነው። ሳቅ ብሎ ያልፈኛል፤ ከክርክሩ ግን አንድም ቀን አልተመለሰም፣ እኔም አልተመለስኩም።

አሁን ወደ ልኬቱ። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ትገኛለች። በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይለያያልና በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ አራት ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። በአንድ ቀን ሁለቱም ከተማ ለሚውል ሰው ይህ ኮት በማውለቅና በመልበስ የሚታይ ነገር ነው፤ ብርድ ልብስ ሠሪዎች ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይሸጣሉ። እኔ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ለሆነ ብርድ ልብስ ለደሴ ሁለት ኪሎ የተነደፈ ጥጥ አስገባለሁ፣ ለኮምቦልቻ አንድ ኪሎ። የደሴውን በአምስት ጣት ርቀት እሰፋዋለሁ፤ ስፌቱ ከዚያ ከጠበበ ወፍራሙ ጥጥ ታፍኖ ስፌቱ ባለፈበት ሁሉ ብርድ ይገባል። የኮምቦልቻው ስስ ስለሆነ በሦስት ጣት ይሰፋል፤ ካልሆነ ጥጡ ይሸሻል። ለውስጥ ያልነጣ አቡጀዲ፣ ለውጭ አንሶላ ጨርቅ። አንሶላና ፎጣ ስናነሣ በ1970ዎቹ የተተከለውን የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለመጥቀስ አይሆንም፤ ከወላጆቼ ቤት የተረፈኝ የዚያ ፋብሪካ አንሶላ ዛሬም ሽፋን ሆኖ ያገለግለኛል።

ጥጡ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ወጣቶቹ አይጠይቁም፤ ያሳዝነኛል። ለእኛ ጥጥ ማለት የአዋሽ ሸለቆ ነበር። ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ በ1967 በደርግ ተወረሰ፤ ኋላም ሰፊው መሬት ለሸንኮራ አገዳ ዋለ። እርሻው ከነበረበት ከዱብቲ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ላይ በሚወጣው የአሰብ መንገድ ጥጥ የጫነ መኪና ሲመጣ ልጆች ሆነን ከጆንያው ቀዳዳ የሾለከውን እየለቀምን እናት እናታችን ዘንድ እንሮጥ ነበር። እናቴ በድንጋይና በብረት ትዳምጠዋለች፣ ፍሬውን ለይታ ታስቀምጣለች፣ አመልማሎውን ጠቅልላ ማታ ማታ ትፈትላለች። ለደብተርና ለጫማ የሚሆነን ገንዘብ የመጣው ከእንዝርቷ ነው። ስትፈትል የማይመቻትን፣ አጭሩንና ሻካራውን እየለየች ወደ አንድ ቅርጫት ትጥላለች። ያ ቅርጫት ሲሞላ የእኛ ብርድ ልብስ ይሆናል። እኔ ስለ ጥጥ የማውቀው ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ቅርጫት ነው።

ክብደት ሙቀት እንዳልሆነ ያረጋገጥኩት ግን ባለቤቴን ሳስታምም ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ገላው ከስቶ ምንም ነገር ከላዩ አይችልም ነበር። ጋቢው ሲታጠፍ ይከብደዋል፣ የሱቁ ብርድ ልብስ ደረቱን ይጫነዋል፣ ሲነሣለት ደግሞ ይበርደዋል። የተሻለውን ጥጥ መርጬ፣ ደጋን ያዥውን ደጋግሞ እንዲነድፈው ለምኜ፣ ኪሎ የማይሞላ ብርድ ልብስ ሰፋሁለት። ጫና ሳይሰማው ሙቀት አገኘ፤ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ቻለ። ጎረቤቶች ለምን አንድ ሥራ ላይ እንዲህ እንደምጨቃጨቅ ሲጠይቁኝ ይህንን አልነግራቸውም፤ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ግን ምክንያቴ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ሰውን ሳይጫኑ ማሞቅ ይቻላል፤ እሱም ከሙሌት ምርጫ ይጀምራል።

በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ በጦርነቱ ምክንያት ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀሉ ሰዎች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ ገበያው ላይ ብርድ ልብስ አልቆ ነበር። ያኔ ከየቤቱ ያረጀ የጥጥ ፍራሽ እየለመንን ፈታን፣ ጥጡን ፀሐይ አሰጣን፣ እንደገና አስነደፍን፣ ለልጆች የሚሆን አነስ አነስ ያለ ብርድ ልብስ ሰፋን። አንዳንዱ ጥጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተተኛበት ነው፤ ደጋኑ ሲነካው ግን ተነሣ። በጥቅምት ከተሞቻችን ራሳቸው ተያዙ፣ በኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ፣ ከሸሸንበት ስንመለስም ሥራው ከዚያው ቀጠለ። ፋይበር ሲያረጅ ይጣላል እንጂ እንዲህ አይታደስም። ልጅቱ በመጨረሻ የተቀበለችኝ በዚህ ነው፤ በእርጥበት ቁጥሩ አልነበረም።

እንግዲህ ደሴም ሆናችሁ ኮምቦልቻ፣ ቤታችሁ ውስጥ የደረቀና የጎበጠ የጥጥ ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ካለ አትጣሉት፣ አታቃጥሉት። ስፌቱን ፍቱ፣ ጥጡን በጠራ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት፣ በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ፈትኑት፣ ከዚያ ደጋን የሚይዝ ሰው ፈልጋችሁ አስነድፉት። ደጋን የሚይዙት እያነሱ ነው፤ ሥራ የሚያገኙ ከሆነ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ።