የመጽሐፉ ቁጥርና የጎንደር አየር፦ ስለ ተሽከርካሪ ዲስክ ኤሌክትሮድና ስለ መዳብ የቀረበ ሂስ

በዚህ መጽሔት የጓደኞቻችንን የምርምር ሥራ እየመረመሩ መተቸት የቆየ ልማድ ነው። እኔ ዛሬ ለመተቸት ያሰብሁት ግን የአንድን ሰው ጽሑፍ ሳይሆን የብዙዎቻችንን ልማድ ነው። ይኸውም በተሽከርካሪ ዲስክ ኤሌክትሮድ የመዳብን ጠባይ ስንመረምር፥ የለካነው ቁጥር ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ፥ የራሳችንን ጥለን የመጽሐፉን የመያዝ ልማድ ነው። የማንንም ስም አልጠራም፤ ከጥፋተኞቹ አንዱ እኔ ነኝና።

መሣሪያው ራሱ የሚመሰገን ነው። በቴፍሎን ሽፋን ውስጥ የተከተተ፥ ፊቱ እንደ መስተዋት የተወለወለ፥ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ክብ ነው፤ በሞተር ይሽከረከራል። ሲሽከረከርም ፈሳሹን ወደ ፊቱ እየሳበ በዙሪያው ይበትነዋል። ዝም ብሎ በቆመ ኤሌክትሮድ ላይ የጎረቤት ክፍል በር ሲዘጋ እንኳ ጅረቱ ይናወጣል፤ በሚሽከረከረው ላይ ግን ወደ ብረቱ የሚደርሰውን የአዮን መጠን የሚወስነው የታወቀው የዙር ፍጥነት ነው። የሶቪየቱ ሊቅ ቬኒያሚን ሌቪች ይህን በ1942 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀመጠው። በቀመሩ መሠረት የወሰን ጅረቱ ከፍጥነቱ ዳግም ዘር ጋር እኩል ያድጋል፤ ፍጥነቱን በደቂቃ ከ400 ዙር ወደ 1600 ዙር ብናሳድገው ጅረቱ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በሊትር 0.01 ሞል የመዳብ ሰልፌት ባለበት ፈሳሽ፥ በ1600 ዙር፥ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 12 ሚሊአምፔር ይጠበቃል።

እንግዲህ ችግሩ ከቀመሩ አይደለም። ችግሩ በቀመሩ ውስጥ ከምናስገባው ቁጥር ነው።

በፈሳሹ ውስጥ ከመዳቡ ጋር ሳንጠራው የሚገባ እንግዳ አለ፤ እርሱም ከአየር የሟሟው ኦክሲጅን ነው። መጻሕፍቱ በ25 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን እንደሚሟሟ ይነግሩናል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነትነቱ የአየር ግፊቱ 101.3 ኪሎፓስካል ለሆነበት ለባሕር ጠረፍ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየርዋ ግፊት ከ78 እስከ 79 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ የሚሟሟውም ኦክሲጅን ወደ 6.3 ሚሊግራም ይወርዳል። በደባርቅ ግፊቱ 72 ያህል ሲሆን በራስ ደጀን ጫፍ ከ60 በታች ነው። አንድ ሰው ያንኑ ዲስክና ያንኑ ፈሳሽ ይዞ፥ ሙቀቱን እኩል ጠብቆ፥ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ቢወርድ የኦክሲጅኑ ጅረት በየመጠምዘዣው ይጨምርበታል። ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ በሰሜን ደጋ ባቄላ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ እንደሚቆይ እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ያንን በምድጃ ዘንድ ያወቅነውን በላቦራቶሪ ስንረሳው ነው የሚያስገርመው።

እኔም ረስቼው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የደጋ ላቦራቶሪ በፕላቲኒየም ዲስክ የኦክሲጅኑን ጅረት ብቻውን ስለካ በመጽሐፉ ሒሳብ 1.3 ሚሊአምፔር ያህል ይጠበቅ ነበር፤ ያገኘሁት ግን 1.0 ነበር። ዲስኩን ሦስት ጊዜ ወለወልሁት፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። በመጨረሻ «የመሣሪያ ስሕተት» ብዬ ጻፍሁና ሒሳቤን በመጽሐፉ ቁጥር ጨረስሁ። ሙሉ ማርክም ተሰጠኝ። ዛሬ ሳስበው ስሕተት ያልሁት የመሣሪያው ትክክለኛ ምስክርነት ነበር፤ ዲስኩ የቆመበትን ከፍታ ነግሮኝ ነበር፥ እኔ ግን አልሰማሁትም።

የ0.3 ልዩነት ምን ያህል ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የመዳቡ መጠን በሊትር 0.01 ሞል ሲሆን ልዩነቱ እምብዛም አይጎዳም። መጠኑ ወደ 0.001 ሲወርድ ግን የመዳቡ ጅረት ራሱ 1.2 ያህል ብቻ ስለሆነ የመጽሐፉን ኦክሲጅን የሚቀንስ ተማሪ ከመዳቡ ሩብ ያህሉን አብሮ ይጥላል። ናይትሮጂን ነፍቶ ኦክሲጅኑን ማስወጣት ይቻላል የሚለውም መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚመረመረው የመዳብ መዛግ ራሱ ሲሆን ኦክሲጅኑን ማስወጣት ተከሳሹን ከችሎት አስወጥቶ እንደ መፍረድ ነው። ከሲሊንደር ንጹሕ ኦክሲጅን የሚነፋውም አያምልጥ፤ ጋዙ ንጹሕ ቢሆንም የሚሟሟው በአካባቢው ግፊት ልክ ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ስለ መዳቡ ጠባይ ነው። የሌቪች ቀመር ልሙጥ ፊት ይፈልጋል፤ መዳብ ደግሞ በወሰን ጅረት ሲለበጥ እንደ ዱቄትና እንደ ቅርንጫፍ እየሆነ ይወጣል። በመጀመሪያው ደቂቃ 0.2 ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው ፊት በአሥረኛው ደቂቃ ያው አይደለም። እኛ ግን ጅረቱን የምናካፍለው እስከ መጨረሻው በ0.2 ነው፤ ጅረቱ ከፍ ሲልም ስለ አዮኑ አዲስ ነገር ያገኘን ይመስለናል። ደግሞም በፈሳሹ ውስጥ ክሎራይድ ካለ አንድ ኤሌክትሮን የተቀበለው መዳብ በመካከል ጸንቶ ስለሚቆይ አንዱ ደረጃ ሁለት ደረጃ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ የቧንቧ ውኃ በተጠቀመና የተጣራ ውኃ በተጠቀመ ተማሪ መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ልዩነት ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው በመደምደሚያችን የምንዘለው ዝላይ ነው። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ያሉት የመዳብና የናስ መስቀሎችና ጸናጽሎች አረንጓዴ ማውጣታቸው ሁላችንንም ያሳስበናል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙው ሪፖርት የሚያልቀው ለቅርሱ ጥበቃ ምክር በመስጠት ነው። ነገር ግን ዲስኩ በአሲድ ውስጥ ተነክሮ በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞር ነው፤ መስቀሉ ግን ዓመታት ሙሉ በአንድ ሥፍራ ቆሞ፥ ከክረምቱ እርጥበት በተገኘ ስስ ውኃ ብቻ የሚነካ ነው። አንዱ ስለ ሌላው ጥቂት ይነግረናል እንጂ በእርሱ ፈንታ አይመሰክርም።

ከዚህ ሁሉ የሚፈለገው መድኃኒት ውድ አይደለም። በእያንዳንዱ ሪፖርት ራስጌ የዕለቱ የባሮሜትር ቁጥር፥ የፈሳሹ ሙቀትና የውኃው ዓይነት ይጻፍ፤ የዲስኩ ፊት ከሥራ በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል ይነገር፤ ከመጽሐፉ የራቀ ቁጥርም ከነርቀቱ ይቀመጥ። መምህሮቻችንም ከመጽሐፉ ጋር ለተስማማው ሳይሆን ያልተስማማበትን ምክንያት ለፈለገው ማርክ ቢሰጡ መልካም ነው። ሌቪች ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ አስቀድሞ ዘርዝሯል፤ ሁኔታውን ትተን ቀመሩን ብቻ የወሰድነው እኛው ነን። በደጋ ላይ ቆሞ የባሕር ጠረፍ ቁጥር የሚጽፍ ተማሪ ሒሳቡ ቢስማማለትም የቆመበትን አላወቀም።