ከውጭ የሚጫን ምሥልና የሕመምተኛው ምሥጢር

በሕክምና ሙያ ስለ ምሥጢር ጥበቃ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የአንደበት ጥንቃቄ ነው፤ በምርመራ ክፍል የተሰማው ከክፍሉ እንዳይወጣ፣ በካርድ ላይ የተጻፈው ለጎረቤት ጆሮ እንዳይደርስ እንማራለን። ካሜራ ያለው ስልክ በየእጃችን ከገባ ወዲህም የሕመምተኛን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱና ማንነቱን ሳይሸፍኑ አለማሰራጨት ተጨምሮበታል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ይኸውም በስልኩ ላይ ምሥል የሚመለከት ሰው ራሱ ሊታይ መቻሉን ነው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። በድረ ገጽ ወይም በኢሜይል ውስጥ የምናየው ምሥል ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ጋር አብሮ የተቀመጠ ሳይሆን በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ያለ ነው። አንባቢው ገጹን በከፈተ ቅጽበት ስልኩ ምሥሉን እንዲሰጠው ወደዚያ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩም የጠያቂውን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ሰዓቱን፣ የስልኩን ዓይነት፣ አብዛኛውን ጊዜም ጥያቄው የመጣበትን ድረ ገጽ ሊመዘግብ ይችላል። አድራሻው ብቻውን ስም አይናገርም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ ምሥል ተዘጋጅቶ ከተላከ፣ ወይም ምሥሉ የሚመጣው ሰውየው በስሙ ከሚገለገልበት እንደ ፌስቡክ ካለ ድርጅት ከሆነ፣ ማንነቱ ሊታወቅ ይችላል። ለዚህ ተግባር ምሥሉ በዓይን መታየት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከአንዲት ነጥብ የማይበልጥና ቀለም አልባ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል።

ይህ እኛን ምን ያገባናል የሚል ባልደረባ ይኖር ይሆናል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ የሠራ ባለሙያ መልሱን አያጣውም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ የኤችአይቪ መድኃኒቱን በአቅራቢያው ካለው ጤና ተቋም መውሰድ ትቶ፣ የመኪና ከፍሎ ደሴ የሚመላለስ ሕመምተኛ አለ። በገንዘቡ የሚገዛው አለመታወቅን ነው። ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት ለክትትል ሕመምተኞች በቴሌግራም የጤና ትምህርት ሲልክ፣ ሥዕላዊ መግለጫ ያለበትን የአንድ የውጭ ድረ ገጽ ሊንክ አያይዞ ነበር። አንዲት እናት በቀጠሯቸው ቀን፣ «ዶክተር፣ ያንን ስከፍት የከፈትኩት እኔ መሆኔን የሚያውቅ ይኖራል?» ሲሉ ጠየቁት። ጸሐፊው መልስ አልነበረውም። አንዱን ስልክ ቤተሰቡ ሁሉ በሚገለገልበት ቤት፣ ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው የሚመጣ ማስታወቂያ ራሱ ምሥጢር አውጪ ሊሆን እንደሚችልም አላሰበም።

ጥያቄው የዋህ አለመሆኑን በአሜሪካ ሆስፒታሎች የደረሰው ያሳያል። ዘ ማርካፕ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም እ.ኤ.አ. በጁን 2022 እንዳስነበበው፣ ኒውስዊክ መጽሔት ከአገሪቱ ምርጦች ከመደባቸው 100 ሆስፒታሎች በ33ቱ ድረ ገጽ ላይ ሜታ ፒክስል የተባለው መከታተያ ተገኝቷል። ሕመምተኛው ቀጠሮ ለመያዝ ሲሞክር መረጃው ከኢንተርኔት አድራሻው ጋር ወደ ፌስቡክ ይላክ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አድቮኬት ኦሮራ ሄልዝ የተባለው የሆስፒታሎች ድርጅት፣ እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርሱ ሕመምተኞች መረጃ በዚህ መንገድ ወጥቶ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። እነዚህ ተቋማት ምሥጢር ለመሸጥ አልተነሡም፤ ድረ ገጻቸውን ማን እንዴት እንደሚጠቀምበት ለማወቅ ፈልገው ነበር። ጥፋቱ ያለው የሕመምተኛው ጉብኝት ራሱ የሕክምና ምሥጢር መሆኑን ባለማጤናቸው ላይ ነው።

በአገራችንም ምሥል ወጥመድ ሆኖ ያውቃል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ መደለያ ያደረገ ፊንስፓይ የተሰኘ የስለላ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር እንደሚገናኝ ገልጿል። ተመልካቹ ፎቶግራፉን ሲያይ ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ ኮምፒዩተሩ ላይ ይሰፍራል። አሠራሩ ከላይ ከተገለጸው የተለየና የከፋ ነው፤ ሆኖም ምሥል መክፈት ማየት ብቻ እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

ሚዛን ለመጠበቅ፣ ከለላ የለም ማለት አይቻልም። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ምሥሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ያሳልፋል፤ አፕልም ከ2021 ወዲህ በኢሜይል መተግበሪያው ተመሳሳይ ጥበቃ ሰጥቷል። በፌስቡክና በቴሌግራም የሚለጠፍ ምሥልም ከየድርጅቶቹ ሰርቨር ስለሚመጣ የውጭው ባለቤት ተመልካቹን በቀጥታ አያገኘውም። ከለላው ግን ሊንኩ ሲነካ ያበቃል፤ ድርጅቶቹም በበኩላቸው ማን ምን እንዳየ ለማወቅ የሚያስችል መዝገብ አላቸው።

ሕጉ ከእኛ ልማድ ቀድሞ ሄዷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው ጋር መድቦታል። የሥነ ምግባር ትምህርታችን ግን ዛሬም በአመዛኙ ስለ አንደበትና ስለ ፊት መሸፈን ይናገራል።

የሚፈለገው ማሻሻያ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ለሕመምተኛ የምንልከው ሥዕል፣ ባለቤቱ እስከ ፈቀደ ድረስ፣ በሊንክ ሳይሆን ራሱ ይላክ፤ ከተቻለም በወረቀት ታትሞ በእጁ ይሰጠው። የጤና ተቋም ድረ ገጽ ሲሠራ ኃላፊው ባለሙያውን «ከውጭ የሚጫነው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ የማስታወቂያ መከታተያም አይግባበት። በሥራ ኢሜይላችን የውጭ ምሥል በራሱ እንዳይከፈት እናድርግ። ከሁሉ በላይ ግን የበሽታው ስም በሚያሳፍርበት ሁኔታ ላይ ላለ ሕመምተኛ ማንኛውንም ነገር ከመላካችን በፊት ስልኩን ማን እንደሚይዘው እንጠይቀው። የዚያች እናት ጥያቄ ከሕመምተኛው ሳይሆን ከእኛ ሊነሣ የሚገባው ነበር።