ገበሬው የማይነቃነቅበት ሒሳብ

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 አሜሪካዊው የኤኮኖሚ ሊቅ ፖል ክሩግማን ፋብሪካዎች ስለምን በአንድ ስፍራ እንደሚሰበሰቡ በሒሳብ አስረዱ። ሐሳባቸው አጭር ነው፤ ፋብሪካ ብዙ ገዢ ወዳለበት ይቀርባል፤ ሠራተኛም ፋብሪካውን ይከተላል፤ ሠራተኛው ራሱ ገዢ ነውና ሌላ ፋብሪካ ይስባል። ዛሬ ይህን መሰል ሒሳብ ለኮምፒዩተር ሰጥቶ የከተማን ዕድገት መተንበይ የተለመደ ጥናት ሆኗል።

ሒሳቡ ለአገራችን ምን ያህል ይሠራል? በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንመልከት። ከፊሉ ልክ ነው። ሦስቱም ከአዲስ አበባ በሚወጡ ዋና መንገዶች ላይ ናቸው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም መነሻው ሰበታ ነው። በ1950ዎቹ ሰበታ ላይ የተተከለው የሜታ ቢራ ፋብሪካና የሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ደግሞ ከገበያ ሌላ ውሃም ስፍራ እንደሚያስመርጥ ያሳያሉ።

ጉድለቱ ግን ከመሠረቱ ነው። በክሩግማን ሒሳብ ገበሬው ከስፍራው አይነቃነቅም፤ ፋብሪካውም መሬት አይወስድም። እዚህ ግን ብዙው ፋብሪካ የተሠራው በእርሻ መሬት ላይ ስለ ሆነ ገበሬው ተነሥቷል።

በሕጋችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ባለ ፋብሪካው ከገበሬው አይገዛም። አስተዳደሩ ገበሬውን በካሣ ያስነሣል፤ ቦታውን በሊዝ ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 የመፈናቀያ ካሣው የ5 ዓመት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከ3 ዓመት ውስጥ የከፍተኛውን ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። እንግዲህ አንዱ መሬት ሁለት ዋጋ አለው፤ ስፍራውን የሚመርጠውም ባለ ፋብሪካው ብቻ ሳይሆን መሬት ሰጪውም ጭምር ነው።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ለማቀናጀት የታሰበው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው በርትቶ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ በጥር ወር ተሰረዘ። መንገድንና ገበያን ቆጥሮ ተነሺውን የዘነጋ ሒሳብ ይህን አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም።

ስለዚህ በዚህ ጥናት የሚሰማራ ተማሪ ሦስት ነገር ይጨምር፤ ገበሬው የሚቀበለውን ካሣ፣ አስተዳደሩ የሚያገኘውን የሊዝ ገንዘብ፣ የተነሣው ሰው በአዲሱ ፋብሪካ ሥራ የማግኘት ዕድሉን። እነዚህ ሳይገቡ የሚወጣው ውጤት ለባለ ፋብሪካው ይጠቅም ይሆናል፤ ለአገር ፕላን ግን አይበቃም።