የሱቁ ግድግዳና የሱቁ ገጽ

በሀርጌሳ መሐል ከተማ በእግሩ የሚመላለስ ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የሥዕል ተመልካች ነው። በሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፍየልና ግመል ቆመዋል፤ በመድኃኒት ቤቱ በር ግራና ቀኝ እንክብልና ሽሮፕ ተደርድረዋል፤ የመለዋወጫ ሱቁ በጎማና በባትሪ፣ የልብስ ሰፊው ደጃፍ በስፌት መኪናና በመቀስ አጊጧል። ይህ ጥበብ በሙዚየም ያልተሰቀለ፣ ሐያሲም እምብዛም ያልጎበኘው ጥበብ ነው። ዛሬ ግን ተፎካካሪ መጥቶበታል። ትንሹም ትልቁም ነጋዴ፣ በመካከላችን ያሉት ኢትዮጵያውያን እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ፀጉር ሠሪዎች ጭምር፣ ደጃፋቸውን ወደ ፌስቡክ፣ ወደ ቲክቶክና ወደ ዋትስአፕ እያዛወሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሱቁን ግድግዳና የሱቁን ገጽ ጎን ለጎን አቁመን ለመመዘን እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ግድግዳውን እንይ። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥት የአውሮፕላንና የመድፍ ድብደባ አብዛኛው ክፍሏ ፈርሶ ነበር። ነዋሪዋም ተሰደደ፤ እጅግ ብዙው በጅግጅጋ አቅራቢያ በሀርቲሼክ የመጠለያ ጣቢያ ዓመታት አሳለፈ። ከ1991 በኋላ ተመልሶ በፍርስራሹ መካከል ሱቅ ለከፈተ ሰው፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከማስታወቂያነት ያለፈ ትርጉም ነበረው፤ «ይህ ቤት ዳግም ባለቤት አለው» የሚል አዋጅ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። የሶማሊኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል መጻፍ በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ማንበብ ላልቻለው ገበያተኛ ሥዕሉ ራሱ ፊደል ነው። ከገጠር የመጣው አርብቶ አደርም ሆነ ሶማሊኛ የማናውቀው እኛ እንግዶች በአንድ ዓይን እናነበዋለን።

ይህን ስል ግድግዳው አይዋሽም ማለቴ አይደለም። በግድግዳ ላይ የሚሣል ፍየል ሁሉ የሰባ ነው፤ ከሲታ ፍየል የሣለ ሥዓሊ እስካሁን አልገጠመኝም። በሱቁ ውስጥ የሌለ የውጭ አገር ስልክም በሱቁ ግንባር ላይ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ነገር ግን የግድግዳው ውሸት ዕድሜው አጭር ነው። ገዢው ከሥዕሉ ፊት ሁለት እርምጃ ተራምዶ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ እውነተኛው ሥጋ መንጠቆው ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» እንዲሉ፣ ፍርዱ እዚያው ይሰጣል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ ማስታወቂያ የሚመዘነው በውበቱ ብቻ ሳይሆን ከተስፋው እስከ ዕቃው ባለው ርቀት ነው። በግድግዳው ዘንድ ርቀቱ ሁለት እርምጃ ነው። በገጹ ዘንድስ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ገጽ ላይ (ስሙ ይቆየን) የሐበሻ ቀሚስ አይቼ ለእህቴ የበዓል ስጦታ አዘዝሁ። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው በእጅ የተሸመነ ጥለት ነበር፤ በእጄ የደረሰው ግን በማሽን የታተመ ጨርቅ ሆነ። ቅሬታዬን በገጹ ላይ ብጽፍ ሳይመሽ ተሰረዘ። ፎቶግራፉም በአዲስ አበባ የሚኖር የሌላ ሰው ሥራ እንደ ነበር ኋላ ተረዳሁ። ያ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ቅሬታዬን የሚሰርዝልኝ ማን ነበር? በሱቅ ደጃፍ የተነሣ ጭቅጭቅ አላፊ አግዳሚው ይሰማዋል፤ ነጋዴውም ስለ ስሙ ሲል ይታረቃል።

የተዋሰ ፎቶግራፍ የገጾቻችን የመጀመሪያ ነቀፋ ነው። ሁለተኛው ዋጋን መደበቅ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለው ሐረግ ከአዲስ አበባ እስከ ሀርጌሳ የነጋዴ ሁሉ መፈክር ሆናለች። ምክንያቷ ይገባኛል፤ ተወዳዳሪ እንዳያይ፣ ገዢውም ለወሬ እንዲቀርብ ነው። ሆኖም በገበያ መካከል ቆሞ ዋጋውን በጆሮ የሚያንሾካሹክ ነጋዴ ማንን ያሳምናል? ዋጋው እንደ ጠያቂው መልክ የሚለዋወጥ ይመስላልና ከዕቃው በፊት እምነት ይረክሳል።

ሦስተኛው ነቀፋ ቁጥርን ከገበያ ጋር ማምታታት ነው። በሚኒሶታና በዋሽንግተን የሚኖሩ ዘመዶች አንድን የእንጀራ ፎቶግራፍ በናፍቆት ቢያጨበጭቡለት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱም ነገ ጠዋት አምስት እንጀራ ሊገዛ አይመጣም። ትንሽ ሱቅ የሚኖረው በሺህ ላይክ ሳይሆን በአካባቢው በሚኖሩ ጥቂት ቋሚ ደንበኞች ነው። ልጥፉን ለብዙ ሰው ለማሳየት የሚከፈለው ገንዘብም ወደ ሩቅ አገር ኩባንያ ይሄዳል፤ ለግድግዳ ሥዓሊው የሚከፈለው ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ዳቦ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። ግድግዳ እንዲሣል በቅድሚያ ግድግዳ ያስፈልጋል። በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህታችን ወደ መንገድ የወጣ ደጃፍ የላትም፤ ስልኳ ደጃፏ ነው። የዚህ ዓይነት ሰዎች ከሠሯቸው ገጾች መካከል ከግድግዳው የሚበልጡ አይቻለሁ። አንዲት ጋጋሪ ያለ ጌጥና ያለ ሙዚቃ ሊጡን ምጣዱ ላይ ስታዞር፣ ዓይኑ ሲወጣ፣ አክንባሎውን ስታነሣ፣ በሰፌድ ስታወጣ ያሳየችበት አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ነበር። ዋጋውን በአማርኛም በሶማሊኛም በራሷ ድምፅ ትናገራለች። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው። ለሶማሊው ጎረቤታችን «እንጀራ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ለቁርስ የሚበላው ለሆህ ነው፤ የእኛ ሰፊውና ኮምጣጣው የጤፍ እንጀራ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ልዩነቱን ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ያ ምስል አስረድቷል።

ድምፁም በከንቱ አልገባም። ይህ ኅብረተሰብ ግጥሙንም ወሬውንም ለዘመናት በጆሮው ያኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከአሥር ሺህ በላይ የድምፅ ካሴቶችን መጠበቁ ይህንኑ ይመሰክራል። በዋትስአፕ የሚላክ የድምፅ መልእክት የዚያው ካሴት ታናሽ ወንድም ነው፤ አሠራሩን ያወቀበት ነጋዴ ከደንበኛው ልብ ለመድረስ ብዙ አይደክምም።

ገንዘቡ ደግሞ ከዕቃው ቀድሞ መጓዝ ከጀመረ ቆይቷል። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድን ካስጀመረ ወዲህ በዚህች ከተማ በተራ ስልክ፣ ኢንተርኔት እንኳ ሳይኖር፣ ሒሳብ መክፈል የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ገዢው ያላየውን ዕቃ ዋጋ በቅጽበት ይልካል። ስለዚህ የመታመን ሸክሙ ሙሉ በሙሉ በሻጩ ጫንቃ ላይ ወድቋል። በሰው አገር እንደ እኛ ጥቂት ሆኖ ለሚኖር ማኅበረሰብ ሸክሙ እጥፍ ነው፤ አንዱ ሲያታልል «ሐበሻ አታለለኝ» ይባላልና፣ በደሉ የሁላችንንም ደጃፍ ያንኳኳል።

እንግዲህ ገጽ ያላቸው ወገኖቻችን ከግድግዳው ምን ይማሩ? የራሳቸውን ዕቃ በራሳቸው ስልክ ያንሡ፤ ፎቶግራፉ ቢደበዝዝ እንኳ የእነሱ ይሁን። ዋጋውን በግልጽ ይጻፉ። አድራሻቸውን ይህች ከተማ በለመደችው መንገድ፣ ከየትኛው መስጊድ ጀርባ ወይም ከየትኛው ነዳጅ ማደያ ፊት ለፊት እንደሆነ ይንገሩ። ቅሬታ ሲመጣ ከመሰረዝ ይልቅ እዚያው መልስ ይስጡ። ግድግዳ ያለው ደግሞ በፕላስቲክ ላይ የታተመ ሰሌዳ ለማዘዝ ከመጣደፉ በፊት የሰፈሩን ሥዓሊ ጠርቶ ያስቀባ፤ ያንኑ ሥዕል ከነሥዓሊው ፎቶ አንሥቶ በገጹ ላይ ያውጣ። የሰባው ፍየል በስልክም ላይ ያምራል፤ ደንበኛው ሲመጣ መንጠቆው ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው ብቻ እንጠንቀቅ።