«መቅጫ» እና «ፍትሕ»፦ በሁለት ሕጎች ስም ላይ የቀረበ ንባብ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሕግ መጽሐፍን እንደ ድርሰት አያነብም። ቢገልጠውም አንድ አንቀጽ ፈልጎ ነው። ነገር ግን በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከተጻፈው የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ውስጥ የዘመኑን ሕጎች ያህል በሰው ኑሮ ላይ የሠራ ብዙ የለም። ስለዚህ የቋንቋ ሰው ሊሸሻቸው አይገባም እላለሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመለከተው ከሽፋኑ ሳልርቅ ስማቸውን ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሕግ አርቃቂ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። የወንጀሉን ሕግ ረቂቅ ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ አዘጋጁት፤ ወደ አማርኛ ተመልሶ 820 አንቀጾች ይዞ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ስሙም «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ተባለ። ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት ሕግ የሚጠሩበት ስም ቅጣትን ይጠቅሳል እንጂ የሚቀጣውን ሰው አይጠቅስም። ሰውየው የገባው በአማርኛው ነው። የገባውም ያኔ አይደለም፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና ተርጓሚዎቹ የለመዱትን ስም ወረሱ።

እስቲ ስሙን እንፍታው። «መቅጫ» የመሣሪያ ስም ነው፤ ከ«መጠጫ»፣ ከ«መቅጃ»፣ ከ«መፍጫ» ጋር በአንድ መደብ ይሰለፋል። «ወንጀለኛ» ደግሞ «ኛ» የተባለውን ምዕላድ ይዟል። ይህ ምዕላድ አብዛኛውን ጊዜ ድርጊትን ሳይሆን ጠባይን ይናገራል። አንድ ቀን የቀለደ ሰው ቀልደኛ አይባልም፤ አንድ ጊዜ ነገር ያነሣ ነገረኛ አይሆንም። እንግዲህ ስሙ በቁሙ ሲነበብ፣ ጠባዩ አስቀድሞ የታወቀ ሰው አለ፣ ለእሱም መሣሪያ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎች ይስቃሉ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ዝም ይላሉ።

ወንጀል የሚለው ቃል ራሱ ይህን ያህል የከረረ አልነበረም። በአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ዘንድ ወንጀል ማለት ኃጢአት ነው፤ በዱዓ የሚነሣው ይማር ዘንድ ነው። ይህ የምሕረት ጥላ በሕጉ ስም ውስጥ የለም።

ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው ሌላው ታላቅ ሕግ የተሰየመው ደግሞ «የፍትሐ ብሔር ሕግ» ተብሎ ነው። ስሙ ከግዕዝ የተቀዳ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትን ያስታውሳል። ፈትሐ ማለት ፈታ፣ ለቀቀ፣ ፈረደ ማለት ነው፤ ካህኑ በሙት ላይ የሚያደርሰው ፍትሐትም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ስለ ርስት፣ ስለ ውል፣ ስለ ጋብቻ የሚሟገተው ሰው መፍታትን የሚናገር ስም ደረሰው። ነፍሱና አካሉ ለአደጋ የተጋለጡበት ሰው ግን መቅጫ ደረሰው። ሁለቱ ሕጎች በሦስት ዓመት ልዩነት የታወጁ፣ የአንድ ኮሚሲዮን ሥራ ናቸው። ልዩነቱ ታስቦበት የተደረገ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ቃላት ሳይታሰብም ይናገራሉ።

«ወንጀለኛ»ን ከ«ደመኛ» ጋር ስናስተያየው የዘመኑ ለውጥ ይበልጥ ይገለጣል። ደመኛ የሁለት ወገን ቃል ነው፤ ገዳይ ለሟች ዘመድ ደመኛው ነው፣ የሟች ዘመድም ለገዳይ እንዲሁ። ደም የሚደርቀው በካሣ ወይም በእርቅ ወይም በሌላ ደም ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግትም ተሟጋቹ ባላጋራውን ፊት ለፊት «አንተ» እያለ ይጠይቀዋል፤ ውርርድ ይገጥማል፣ ዋስ ይጠራል። ወንጀለኛ ግን የማን ነው? ከሥርወ ቃሉ ባላጋራ የለውም። በአጋማሹ ክፍለ ዘመን የሟች ወንድም ከከሳሽነት ወንበር ተነሥቶ ምስክር ሆነ፤ በቦታው ዐቃቤ ሕግ ተቀመጠ። የሕጉም ዓረፍተ ነገር «አንተ» ማለቱን ትቶ «ማንም ሰው» አለ፤ ማሰሪያውም «ይቀጣል» ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላቃልለውም። በደም መፈላለግን ያስቀረ፣ ዳኛም በሕግ ያልተጻፈውን በማመሳሰል ወንጀል እንዳያደርግ የከለከለ ሰዋስው ነው። ከአሮጌው ሸንጎ ሳይነካ የተሻገረ ቃል ቢኖር «ዋስ» ነው።

ዋናው ችግር የሚመጣው በ1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚናገረው ስለ ምርመራ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ክስ አቀራረብ ነው፤ ይኸውም ገና ስላልተፈረደበት ሰው ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ ሳይረጋገጥ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ደንግጎ ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ግን «የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ» ተባለ። ውስጡ ከስሙ ይሻላል፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ መልስ እንዳይገደድ፣ ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ ካላወቀ አስተርጓሚ እንዲሰጠው ያዛል። ሆኖም ይህን ያላነበበ፣ ማንበብም የማይችል ባለጉዳይ ከሕጉ የሚሰማው ስሙን ብቻ ነው። በጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ስም ሲነግሩት ገና ቃሉን ሳይሰጥ ወንጀለኛ ተብሎ ተጠርቷል። «ቃሉን ሰጠ» የሚለው አነጋገር ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በሸንጎ ሰው ቃሉን ይናገር ነበር፣ በምርመራ ክፍል ግን ይሰጣል፣ ሌላው ይጽፈዋል።

የሕግ ባለሙያ ወዳጆቼ ርእስ ዳኛን አያስገድድም ይሉኛል። እውነት ነው። እኔ ግን ስለ ዳኛው ሳይሆን በደጅ ስለቆመው ሰው ነው የምናገረው። ደግሞም ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ነገሩን ቀላል አድርገው አላዩትም፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ «የወንጀል ሕግ» ተብሎ ሲሰየም «ኛ»ውም «መቅጫ»ውም ወድቀዋል። ከስሙ የተነሣው ሰውየው ነው፤ ፍትሕ የሚለው ቃል ግን አሁንም አልገባም።