ኮስታራው የእንግሊዝ ጨዋ በልብ ወለድ ታሪኮች ውስጥ

እንግሊዝን ከቶ ያላየ አንባቢ እንኳ አንድ እንግሊዛዊ ያውቃል። ይህ ሰው አንገቱ ቀጥ ያለ፥ ልብሱ የተስተካከለ፥ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ጃንጥላው ከእጁ፥ ሻዩም ከሰዓቱ አይለይም። ደስ ቢለው አይስቅም፤ ቢያዝን አያለቅስም፤ ቤቱ ቢቃጠል ስለ አየሩ ሁኔታ ይናገራል። በጉዞ ታሪኮች፥ በወንጀል ምርመራ ታሪኮች፥ በቀልድ መጻሕፍትና በሲኒማ እየተደጋገመ ስለሚመጣ፥ ደራሲው ሁለት ሦስት ምልክቶች ብቻ ሰጥቶ ቢያልፍ አንባቢው የቀረውን በራሱ ይሞላዋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሥዕል እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብለን አንከራከርም፤ አንድ ሕዝብ በሙሉ በአንድ ሰው መልክ ሊሣል እንደማይችል የታወቀ ነውና። የምንጠይቀው ሥዕሉ በምን እንደሚያስቀን፥ እኛም በምንስቅበት ጊዜ ሳይታይ የሚያልፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ እንግሊዛዊው በመጻሕፍት ሁልጊዜ ኮስታራ ሆኖ አለመኖሩ ነው። ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ባወጣው «ቶም ጆንስ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው ባለ ርስቱ ስኳየር ዌስተርን ይጮኻል፥ ይሳደባል፥ ይጠጣል፥ ለአደን ውሾቹ ያብዳል፤ አንዲት ሴት ልጁንም አንድ ጊዜ ይረግማታል፥ አንድ ጊዜ ያቅፋታል። ይህ ሰው የመሬት ጌታና ፍጹም እንግሊዛዊ ሲሆን፥ ስሜቱን መደበቅ ግን ፈጽሞ አያውቅም። ዝምታው የመጣው ኋላ ነው። ቶማስ አርኖልድ ከ1828 እስከ 1842 ድረስ የራግቢ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ በሠራበት ዘመን፥ ጠባይን ማነጽ ከዕውቀት እንዲቀድም አደረገ። የርሱ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ስለዚሁ ትምህርት ቤት የጻፈው የቶም ብራውን ታሪክ ደግሞ ይህን ዓይነት አስተዳደግ በየቤቱ አስተዋወቀው። በእንደዚህ ያሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ተለይቶ ያደገ ልጅ፥ ማልቀስና ማጕረምረም ነውር እንደ ሆነ እየተማረ ያድጋል። ካደገም በኋላ የጦር መኰንን፥ ዳኛ፥ ወይም በሩቅ ቅኝ አገር ገዥ ይሆናል። ጥቂት ሆኖ ብዙዎችን እንዲገዛ ለተላከ ሰው፥ ፍርሃትን አለማሳየት ከጠባይም በላይ የሥራ መሣሪያ ነበር። ደራሲው ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1926 ስለ ወገኖቹ ጠባይ በጻፈው ጽሑፍ፥ እንግሊዛዊው ስሜት የሌለው ሳይሆን ስሜቱን ማሳየት እንዲፈራ በትምህርት ቤት የተደረገ ሰው መሆኑን አስረድቷል።

እንግሊዞች «ጄንትልማን» የሚሉትን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ጨዋ» እንላለን። ሁለቱም ቃላት የዘርን መልካምነትና የጠባይን መልካምነት ባንድነት ስለሚይዙ ትርጕሙ ከሞላ ጐደል ይስማማል። «የጨዋ ልጅ» ስንል ከማን እንደ ተወለደ መናገራችን ነው ወይስ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚናገር? ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ነው። የልብ ወለድ ደራሲዎችም የሚጠቀሙት በዚህ መደባለቅ ነው፤ ጠባዩን አጉልተው ሲያሳዩን ሥልጣኑን እንረሳዋለን።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ዡል ቬርን በ1873 በመጽሐፍ ያወጣው በሰማንያ ቀን ዓለምን የመዞር ታሪክ ነው። ፊልያስ ፎግ አሽከሩን ያሰናበተው የመላጫው ውሃ በፋሬንሃይት 86 ዲግሪ መሆን ሲገባው 84 ዲግሪ ሆኖ ስለ ቀረበለት ነው። 20,000 ፓውንድ አስይዞ ከተነሣ በኋላም በመንገድ ላይ ካርታ ይጫወታል እንጂ በመስኮት አይመለከትም፤ አገር ማየት የአዲሱ አሽከሩ የፓስፓርቱ ሥራ ነው። ይህን ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባጠረና በቀለለ እንግሊዝኛ ያነበብን ብዙዎች ነን፤ ያን ጊዜ ልባችንን የሰቀለው መርከቡ ይደርሳል አይደርስም የሚለው ነገር ነበር። አሁን ስንመለከተው ግን ፎግ የሚያልፍባቸው ቦምቤ፥ ካልካታ፥ ሲንጋፖርና ሆንግ ኮንግ ሁሉ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ግዛት ሥር የነበሩ ከተሞች መሆናቸውን እናስተውላለን። ሰውዬው ዙሪያውን ሳያይ የሚያልፈው ጠባዩ ደረቅ ስለ ሆነ ብቻ አይመስለንም፤ ከገዛ ግቢው እንዳልወጣ ሰው ሆኖ ስለሚጓዝም ጭምር ነው። ቬርን ግን ይህን እንደ አስቂኝ ልማድ አድርጎ ያቀርብልናል። ቀጥሎም ፎግ አውዳ የተባለችውን ህንዳዊት ሴት ከባሏ ሬሳ ጋር ከመቃጠል ያድናታል፤ በመጨረሻም የጋብቻውን ጥያቄ እርስዋ ስታነሣ እንደሚወዳት ይገልጽላታል። ካሸነፈው 20,000 ፓውንድ ውስጥ 19,000 የሚያህለውን በመንገድ ስለ ጨረሰው፥ የጉዞው ትርፍ ሚስቱ ብቻ ሆነች።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው አንድ ደንብ አለ፤ ቅርፊቱ ደረቅ ቢሆንም ፍሬው ጣፋጭ ነው የሚል ነው። ተራው ልብ ወለድ ይህን ደንብ እስካሁን አልተወውም። አንባቢው ኮስታራውን ሰው ሲያይ ውስጡ ደግ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቃል ተገብቶለታል፤ ስለዚህ ኩራቱንም፥ ሰው አለማየቱንም፥ ማዘዙንም ይቅር ብሎ መጨረሻውን ይጠብቃል።

ሌላው የሚያስደንቀው ነገር የሠዓሊዎቹ ማንነት ነው። ቬርን ፈረንሳዊ ነበር። በ1954 ሜጀር ቶምሰን የተባለውን እንግሊዛዊ ፈጥሮ፥ ራሱን የመጽሐፉ ተርጓሚ አስመስሎ ያቀረበው ፒየር ዳኒኖስም ፈረንሳዊ ነው። የእንግሊዝ ሰዎች ራሳቸውም ቢሆኑ ይህን ሥዕል አልጠሉትም፤ ተቀብለው በገዛ መጻሕፍታቸው አበዙት። ምክንያቱን ስንመረምረው ክሱ ቀላል ስለ ሆነ ይመስለናል። ሻይ ያበዛል፥ አይስቅም፥ ልብሱን አጥብቆ ይቈልፋል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ፈገግ ብሎ ጥፋቱን ያምናል። የሰው መሬት ይዘሃል ተብሎ ቢከሰስ ግን መልሱ እንዲህ አይቀልም። ይህን ልዩነት የተረዳው የኒው ዚላንዱ ተወላጅ ዴቪድ ሎው ነው። ከ1934 ጀምሮ በ«ኢቭኒንግ ስታንዳርድ» ጋዜጣ ይሥለው የነበረው ኮሎኔል ብሊምፕ፥ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ፎጣ አገልድሞ ስለ ዓለም ጉዳይ ትእዛዝ የሚሰጥ ወፍራም ሽማግሌ ነው። በርሱ የምንስቀው ስለ ፎጣው ብቻ አይደለም፤ ስለሚሰነዝረው የፖለቲካ ሐሳብ ነው።

ቻርልስ ዲክንስም ከሎው ቀደም ብሎ ይኸንኑ አድርጓል። በ1864 እና በ1865 በየወሩ በወጣው «አወር ሚዩቹዋል ፍሬንድ» በተባለው ታሪኩ ውስጥ ፖድስናፕ የሚባል ባለ ጸጋ አለ። የማይወደው ነገር በተነሣ ጊዜ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ በመወርወር ከዓለም ያስወግደዋል። በግብዣው ላይ አንድ ትሑት ሰው በመንገድ ላይ በራብ ስለ ሞቱ ድኾች ቢያነሣበት፥ መጀመሪያ አላምንም ይላል፤ ቀጥሎ ጥፋቱ የሟቾቹ ነው ይላል፤ በመጨረሻም ወሬው በወጣት ልጃገረድ ፊት የማይነገር ነውር ነው ብሎ ይዘጋዋል። እዚህ ላይ የጨዋነቱ ሥራ ምን እንደ ሆነ በግልጽ ይታያል። ነውር የተባለው ራቡ ሳይሆን ስለ ራቡ መናገሩ ነው።

ፒ. ጂ. ዉድሃውስ ግን ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራው። ከ1915 ጀምሮ በጻፋቸው ታሪኮች ጌታው ቤርቲ ዉስተር ልቡ የዋህ፥ አእምሮው ቀላል ሲሆን፥ ኮስታራው አሽከሩ ጂቭስ ነው። ጂቭስ ያልወደደውን ኮት ጌታው የገዛ እንደ ሆነ፥ ኮቱ እስኪጣል ድረስ ቤቱ በትሕትና ይቀዘቅዛል። ይህ የቀልድ ጥበብ ትልቅ ነው፤ በ1938 ባወጣው «ዘ ኮድ ኦቭ ዘ ዉስተርስ» ውስጥም ባለ ጥቁር ቁምጣ ጭፍሮቹን የሚመራውን ስፖድን በማሣቅ፥ በዚያ ዘመን ይፎክሩ የነበሩትን ፋሺስቶች አዋርዷቸዋል። ነገር ግን የአሽከሩ ሥልጣን በኮት፥ በካልሲና በጋብቻ ጉዳይ ላይ ያበቃል። ጂቭስ ለራሱ ምን እንደሚፈልግ እምብዛም አንጠይቅም፤ ዝምታው ለእኛ የሣቅ ምንጭ ስለ ሆነ እንዲናገር አንሻም።

ይህ ነገር ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት አንድ ስፍራ አለ። ኢቭሊን ዎ በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል፥ በ1935 ደግሞ ስለ ጦርነቱ ወሬ ለመላክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በ1932 ያወጣው «ብላክ ሚስቺፍ» የሚባለው መጽሐፍ ታሪኩ የሚፈጸመው አዛኒያ በተባለች፥ በምሥራቅ አፍሪካ አጠገብ ባለች የምናብ ደሴት ነው። በዚያ ያለው የእንግሊዝ ሚኒስትር ሰር ሳምሶን ኮርትኒ ስለ አገሩ ጉዳይ ግድ የለውም፤ በመታጠቢያው ውሃ ውስጥ በላስቲክ አውሬ ይጫወታል፥ ሌጋሲዮኑም በካርታና በአትክልት ሥራ ቀኑን ያሳልፋል። ደራሲው በርሱ ይስቃል። በኦክስፎርድ ተምሮ በመጣው በንጉሠ ነገሥቱ በሴትም ይስቃል። ሁለቱ ሣቆች ግን እኩል አይደሉም። የሰር ሳምሶን ሞኝነት የአንድ ሽማግሌ ጠባይ ሆኖ ይቀራል፤ የሴት ሞኝነት ግን የአንድ አገር ሕዝብ ሠልጥኖ ራሱን ሊያስተዳድር እንደማይችል ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። እንግዲህ የተለመደ ሥዕል ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ለኃይለኛው ሕዝብ ሥዕሉ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለደካማው ግን ፍርድ ሊሆንበት ይችላል።

ኮስታራውን ሰው እስከ መጨረሻው የመረመረው ካዙኦ ኢሺጉሮ ይመስለናል። ኢሺጉሮ በ1954 በናጋሳኪ ተወልዶ በ1960 በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደ ሲሆን፥ በ1989 ያሳተመው «ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ» በዚያው ዓመት የቡከርን ሽልማት አግኝቷል። ባለ ታሪኩ ስቲቨንስ የሎርድ ዳርሊንግተን የቤት አሽከሮች አለቃ ነው፤ በአንባቢው ዘንድ እንደ ጂቭስ ሊያስቅ ይጀምራል። ከአሜሪካዊው አዲስ ጌታው ጋር መቀለድን እንደ ትምህርት ሲያጠና እንስቃለን። ነገር ግን ሣቃችን ቀስ በቀስ ይጠፋል። በ1923 በቤቱ ትልቅ ጉባኤ ሲደረግ አባቱ በላይኛው ክፍል ሲሞት፥ ስቲቨንስ እንግዶቹን ማስተናገዱን አያቋርጥም። ጌታው ሁለት አይሁዳውያት ሠራተኞች ይባረሩ ሲል፥ በልቡ ባይስማማም ትእዛዙን ያለ አንዲት የተቃውሞ ቃል ይፈጽማል። የሴት ሠራተኞች አለቃ የሆነችው ሚስ ኬንተን ስትቃወም በጨዋ አነጋገር ያግዳታል። ይህችን ሴት ይወዳት እንደ ነበረ የሚያውቀውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ጌታውም ቢሆን የጨዋ ቃል የመንግሥታትን ጠብ ያበርዳል ብሎ በማመኑ፥ የሂትለር መልእክተኞች መሣሪያ ሆኖ ስሙ ጠፋ።

ኢሺጉሮ የቬርንን ደንብ አልሻረውም፤ በስቲቨንስ ውስጥ ደግ ልብ እንዳለ አንጠራጠርም። የሚለየው በደግነቱ ብቻ ነጻ ስለማይለቀው ነው። ያልተነገረው ተቃውሞ ሁለት ሴቶችን እንጀራ አሳጥቷል፤ በልብ ውስጥ የተቀመጠው ርኅራኄ ለእነርሱ ምን ጠቀማቸው?

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ስሜትን መግታት በጎ ጠባይ አይደለምን? በእኛም ዘንድ ጭምት ሰው ይከበራል፤ ሽማግሌዎቻችን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ብዙ እናቶችም ኀዘናቸውን ሆድ ይፍጀው ብለው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ይህ እውነት ነው፤ እኛም መቈጠብን አንነቅፍም። ነገር ግን ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሌላውን ሰው ላለመጕዳት የራስን ሕመም መዋጥ ነው። ሁለተኛው የሌላውን ሕመም ላለመስማት የራስን ጸጥታ መጠበቅ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ፊቱም ያው፥ ትሕትናውም ያው ነው። የሚለዩት ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብቻ ነው። እናቲቱ የምትከፍለው ከራስዋ ነው፤ ፖድስናፕ ግን ከተራበው ያስከፍላል።

እንግዲህ ኮስታራው እንግሊዛዊ ከልብ ወለድ ታሪኮች ይውጣ አንልም፤ ብንልም የሚሰማን የለም፥ ደግሞም ብዙ ጥሩ ሣቅ ይቀርብን ነበር። የምንለው ለእርሱ መመዘኛ እንዲኖረን ነው። አንድ መጽሐፍ ይህን ሰው አምጥቶ በጃንጥላውና በሻዩ ብቻ ካሳቀን፥ መጽሐፉ የጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ብናነብበውም አይጐዳንም፥ ይህ ሁሉ እንዳልሆነ ካወቅን። አጠገቡ የቆመውን አሽከር፥ ያለፈበትን ከተማ፥ ያልሰማውን ሰው ጭምር ካሳየን ግን ስለ እንግሊዞች ብቻ አልነገረንም። በየአገሩ በጨዋነት ስም ዝም ስለሚሉ ሰዎች ነግሮናል፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የምንይዝ እኛ ተማሪዎችም ከነዚህ ውጭ ነን ብለን ልናነብበው አይገባንም።